ውሻው አብዷል ከማለታችን በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከአያት እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከቡራዩ እስከ ሰበታ፣ ከለገጣፎ እስከ ሱሉልታ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ አዲስ መንደር በተቆረቆረ ቁጥር ውሻ አብሮ ይገባል። አጥሩ ገና በቆርቆሮ ሳይዘጋ፣ መብራት ሳይገባ፣ ውሻው ከጥበቃው ጋር ማደር ይጀምራል። የኮንዶሚኒየም ሳይትም እንዲሁ ነው። ግንበኞቹ ያሳደጓቸው ቡችሎች ሥራው አልቆ ሰዎቹ ሲበተኑ እዚያው ይቀራሉ፤ ነዋሪው ቁልፉን ተረክቦ ሲገባ የሚቀበሉት እሱ የማያውቃቸው፣ እነሱም የማያውቁት ውሾች ናቸው። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል። ውሻው ሌሊት ያላዝናል፣ ሟርተኛ ይባላል። ጎማ ላይ ይሸናል፣ በድንጋይ ይባረራል። ቂጡን መሬት ላይ እየጎተተ ሲሄድ ልጆች ይስቁበታል። አንድ ቀን ለሃጩ ተዝረክርኮ ከታየ ደግሞ "አበደ" ተብሎ ዱላ ይወጣለታል ወይም መርዝ ያለበት ሥጋ ይወረወርለታል።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ከእነዚህ ጠባዮች አብዛኞቹ ምክንያታቸው የታወቀ፣ መፍትሔያቸውም ቀላል ስለሆነ ነው። ውሻን ለመመዘን መጀመሪያ የሚጠየቀው ነገር ጠባዩ ከመቼ ጀምሮ እንደታየ ነው። ከቡችላነቱ ሲያደርገው የኖረው ነገር የቱንም ያህል ቢያስገርም አብዛኛውን ጊዜ ተፈጥሮው ወይም ልማዱ ነው። በዚህ ሳምንት የጀመረው ግን ትንሽ ቢመስልም ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሰፈሩ ይህን አንድ ጥያቄ ቢለምደው ብዙ ውሻ ከሞት፣ ብዙ ልጅም ከንክሻ ይተርፋል።

ከማላዘኑ እንጀምር፤ የሰው እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነውና። ጩኸት ቅርብ ላለ ነገር ነው። ማላዘን ግን ረዥም፣ ወጥና ሩቅ የሚሄድ የመጠራሪያ ድምፅ ነው። የአምቡላንስ ሳይረንም ሆነ በድምፅ ማጉያ የሚመጣ የረዘመ ዜማ ለውሻ ጆሮ የሌላ ውሻ ጥሪ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይመልሳል፣ ጎረቤቱም ይቀበለዋል። ጆሮውን ያመመው የሚመስላቸው አሉ። ቢያመው ኖሮ ይሸሽ ነበር፤ እሱ ግን ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚያላዝነው። ሰው ሊሞት ሲል ያላዝናል የሚባለውም ምክንያት አለው። በጠና የታመመ ሰው ባለበት ቤት ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይበራል፣ እንግዳ ይገባል ይወጣል፣ ውሻውን በሰዓቱ የሚያበላው ሰው ተኝቷል። የለመደው ሥርዓት ሲናጋበት ይረበሻል፣ ብቻውን ሲቀር ይጣራል። ሞቱን የጠራው እሱ አይደለምና ስለዚህ ብሎ መደብደቡ ግፍ ነው።

የሌሊት ጩኸትን ደግሞ ለይቶ መስማት ይቻላል። በየካና በእንጦጦ ጋራዎች ሥር፣ በአቃቂ ወንዝ ሸለቆዎችና በየቆሻሻ መጣያው ዳር ጅብ አለ፤ ሲመሽ ይወጣል። ጅብ ወይም እንግዳ ሰው ሲቀርብ የሚወጣው ጩኸት ወፈር ያለ፣ ሻካራና ፈጣን ነው፤ አቅጣጫውም አንድ ነው። ብቻውን በመታሰሩ የሚጮህ ውሻ ግን ቀጠን ባለ ድምፅ፣ በየመሀሉ እያረፈ፣ ወደየትም ሳያይ ለሰዓታት ይጮኻል። የመጀመሪያው ሥራውን እየሠራ ነው። ሁለተኛው የሚያስፈልገው ከሰንሰለቱ መፈታትና ሰው ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? በኮንዶሚኒየም ግቢ አንዱ ብሎክ ትርፍራፊ ሲጥልለት ውሻው የዚያ ብሎክ ዘበኛ ይሆናል፤ ከሌላው ብሎክ የሚመጣው ልጅ ሌባ ይሆንበታል። መፍትሔው የሚበላበትን ቦታ ከመግቢያ በርና ከደረጃ አርቆ አንድ ጥግ ማድረግ፣ በቀን ሁለቴ በተወሰነ ሰዓት ማብላትና ከ20 ደቂቃ በኋላ ዕቃውን ማንሳት ነው። ከደረጃው ሥር ምግብ እየጣሉ "ሰው አላሳልፍ አለ" ብሎ መክሰስ ግን ልክ አይደለም።

ባጃጅና ሞተር የሚያሳድደው ውሻ በራሱ ሒሳብ በየቀኑ የሚያሸንፍ ውሻ ነው። እሱ ሲጮህ ባጃጁ ይሄዳል፤ "አባረርኩት" ይላል። ባሸነፈ ቁጥር ይበረታል። ሾፌር በእግሩ ሊማታ ሲሞክር ወይም ነዳጅ ሲሰጥ ጨዋታው ይሞቃል። ፍጥነት መቀነስ፣ መንገዱ ከፈቀደም ቆም ማለት የሚሮጥ ነገር ያሳጣዋል። ብስክሌት የያዘ ሰው ወርዶ ብስክሌቱን በራሱና በውሻው መካከል አድርጎ ይራመድ። ጎማ ላይ መሽናቱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጎማው የሌላ ሰፈር ውሾችን ሽታ ይዞ ይመጣል፤ ይህኛውም የራሱን ማኅተም ያሳርፍበታል። መጀመሪያ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ቀጥሎ እኩል በውሃ በተበረዘ አቼቶ ማበስ ሽታውን ያጠፋዋል። ሽንት ላይ በረኪና አይደፋ፤ የሚወጣው ጋዝ ለሰው ሳንባም መጥፎ ነው። ወንድ ውሻ ማኮላሸት ይህን ልማድ በብዙ ይቀንሰዋል።

አሁን ወደሚሳቅበት ጠባይ እንምጣ። ቂጡን መሬት ላይ የሚጎትት ውሻ ያሳከከዋል ወይም አሞታል። ጭራውን ከፍ አድርጋችሁ እዩ። በፊንጢጣው ዙሪያ ጸጉሩ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ፣ ትኩስ ሲሆኑ የሚንቀሳቀሱ፣ ሲደርቁ ሰሊጥ የሚመስሉ ነጫጭ ነገሮች ካሉ የኮሶ ትል ቁርጥራጮች ናቸው። ይህን ትል የሚያስተላልፈው ቁንጫ ነው፤ ውሻው ራሱን ሲነክስ ቁንጫውን ይውጣል፣ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም፤ ለ20 ኪሎ ውሻ 100 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ብዙ ሰው ኪኒኑን ሰጥቶ በሦስተኛው ሳምንት ትሉ ሲመለስ መድኃኒቱን ያማል። ጥፋቱ ግን የቁንጫው ነው። ጆንያውና ጨርቁ በፈላ ውሃ ካልታጠበ፣ የተኛበት አፈር ካልተጠረገ፣ ውሻውም የፀረ ቁንጫ መድኃኒት ካልተደረገለት ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። ትል ከሌለ ደግሞ በፊንጢጣው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት የሽታ ከረጢቶች ሞልተው ይሆናል። በአንድ ወገን እብጠት ወይም መግል ከታየ ቤት ውስጥ መጭመቅ አይሞከር፤ ሊፈነዳ ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ኬሚካል አንድ ነገር እንበል፤ በከተማው ዙሪያ በብዛት የሚታይ ጥፋት ነውና። ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖን በከብቱ መጠን በጥብጦ ውሻን ማጠብ ውሻውን ይመርዘዋል። ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይንገዳገዳል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል። ጎረቤት ያን ጊዜ "አበደ" ብሎ ድንጋይ ያነሳል። ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን በግምት መስጠትም አደገኛ ነው፤ የጀርመን እረኛ ውሻ ዝርያ ካላቸው መካከል በትንሽ መጠን የሚጎዱ አሉ።

ሳር የሚበላው ውሻ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ሁሉም ሆዱን አሞት አይደለም የሚበላው፣ ከበላም በኋላ አብዛኛው አያስታውክም፤ ተኩላም ይበላል። የሚያሳስበው የሳሩ ቦታ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጤፍና ስንዴ ላይ የአረም መድኃኒት ሲረጭ ውሻን ማሳ ዳር አለመልቀቅ ነው። ድንገት ቀኑን ሙሉ ሳር፣ አፈርና ድንጋይ መብላት ከጀመረ ግን የትል፣ የረሃብ ወይም የከፋ በሽታ ምልክት ነው። ሰገራ መብላትም እንደዚሁ ይመዘናል። የወለደች ውሻ የቡችሎቿን ሰገራ ትልሳለች፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ገደማ ካልላሰቻቸው መጸዳዳት አይችሉምና። ትልቅ ውሻ ሲያደርገው ግን ምግቡ አንሷል ወይም አልተፈጨለትም፣ ወይም ሜዳው ላይ የተጣለ ዳይፐር ለምዷል።

ውሻ አጥንት ቀብሮ ነገ ሲያወጣ የምናየው የማከማቸት ጠባይ ነው። በዚህ ጠባይ ላይ ግን የእኛ የቅርጫ ልማድ ሲጨመር አደጋ ይወጣዋል። በፋሲካና በገና ዋዜማ በየሰፈሩ በሬና በግ ይታረዳል፤ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ከተገኘ "ይኼ ለሰው አይሆንም" ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ውሻው የሚበላውን ይበላል፣ የተረፈውን ቀብሮ በሦስተኛው ቀን ያወጣል። በዚያ ውሃ ውስጥ ያለው የትል ዘር በአንጀቱ በስድስትና በሰባት ሳምንት ውስጥ አድጎ እንቁላል ይጥላል፤ ትሉ ቁመቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ ውሻውም ምንም ሕመም አይታይበትም። እንቁላሉ ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል፤ ከውሻው ጋር የተጫወተ ልጅ በእጁ ወደ አፉ ይወስደዋል። ያው እብጠት በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ሲያድግ ይኖርና በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ስለዚህ እብጠት ያለበትን የሆድ ዕቃ ማቃጠል፣ ወይም ቢያንስ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ቀብሮ ድንጋይ መጫን ነው። ሌላውንም ለውሻ የምንሰጠውን ሳንባና ጉበት ከ40 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ መቀቀል፣ ውሻውንም በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት መስጠት ያስፈልጋል። የበሰለ አጥንት ግን አይሰጥ፤ ሲሰበር ስለታም ስንጥር ይሆንና ጉሮሮና አንጀት ይበሳል።

ወጥም ለውሻ ምግብ አይደለም። ቀይ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፤ መብሰሉ መርዝነቱን አይቀንሰውም። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ይጎዳዋል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሰጠውም ጉዳቱ ይጠራቀማል። ድካም፣ የነጣ ድድ፣ የጠቆረ ሽንት የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ከወጡ ጋር የሚያገናኘው ሰው የለም። ወጥ ያልነካው እንጀራ ያለ ሽንኩርትና ያለ ጨው በተቀቀለ ሥጋ ርጥቦ ቢሰጠው ይበቃዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነን የሰንሰለቱ ነገር ነው። ቡችላ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሳይጎዳው ያየውን፣ የሰማውንና የነካውን ነገር ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ አይፈራውም። በእኛ ሰፈር ግን "ኃይለኛ እንዲሆን" ተብሎ በትክክል በዚያ ዕድሜው ጨለማ ውስጥ ይታሰራል፣ በርበሬ ይበላል፣ ጆሮውና ጭራው ይቆረጣል። የሚወጣው ፈሪ ውሻ ነው፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባውንና የቤቱን ልጅ ሳይለይ ይናከሳል። በእንጨቱ ዙሪያ አፈሩ ክብ ሆኖ ተልጦ፣ ውሻው ያንኑ ክብ ሲዞር ወይም ጭራውን ሲያባርር የምናየው ጨዋታ አይደለም፤ አእምሮው ተጎድቷል። ማሰር ግድ ከሆነ በሁለት ምሰሶዎች መካከል 10 ሜትር ያህል ሽቦ በ2 ሜትር ከፍታ ወጥሮ ቀለበት ማስገባት፣ ሰንሰለቱን ቀለበቱ ላይ ማያያዝ ይቻላል። ውሻው ወዲያ ወዲህ ይራመዳል፣ ጥላና ውሃ ጋ ይደርሳል። ሰንሰለቱ እስኪወጠር ተስቦ ከአጥሩ አንድ ሜትር ያህል ይጠር፤ አጥር ዘሎ ተንጠልጥሎ የሚሞት ውሻ ብዙ ነው።

ጭራና ጆሮ መቁረጥ ሌላም መዘዝ አለው። ውሻ የሚናገረው በእነሱ ነው። ጭራ የቆላ ሁሉ ወዳጅ አይደለም፤ ጭራው ዝቅ ብሎ ከወገቡ ጋር ሲወዛወዝ ደስታ ነው፣ እንደ እንጨት ቆሞ ጫፉ ብቻ ሲርገበገብ ግን "አትቅረበኝ" ነው። እንቅልፍ ሳይኖረው ማዛጋት፣ ምግብ ሳይኖር አፍንጫውን መላስ፣ ፊቱን አዙሮ የዓይኑን ነጭ ማሳየት፣ ድንገት ደርቆ መቆም፣ ከዚያ ማጉረምረም፤ ንክሻ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ስላጉረመረመ የሚመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፣ ፍርሃቱ ግን ይቀራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ጫማ በልቶ ስትገቡ ጆሮውን ጥሎ የሚያጎነብሰውም ጥፋቱን ስላመነ አይደለም፤ የቁጣ ፊታችሁን አይቶ ነው፣ ምንም ባላጠፋበት ቀንም ያደርገዋል። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ሲጮህ፣ በበዓል ርችት ሲተኮስ አልጋ ሥር ገብቶ የሚንቀጠቀጠውን ጎትቶ ማውጣት ማስነከስ ነው፤ በሩን ዘግቶ እዚያው መተው ይሻላል።

ወንድና ሴት ውሻ ከተገናኙ በኋላ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ሲቆሙ ልጆች ይወግሯቸዋል። የወንዱ ብልት ሥር ውስጥ አብጦ ስለሆነ እብጠቱ እስኪቀንስ፣ ብዙ ጊዜ እስከ ግማሽ ሰዓት፣ መላቀቅ አይችሉም። በጉልበት ማላቀቅ ሁለቱንም ያቆስላል። ልጆቹን መመለስ የትልልቆቹ ድርሻ ነው።

ለልጆች የሚነገረው ይህ ነው፦ የማታውቁት ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፣ አትጩኹ፣ ዓይኑን ትክ ብላችሁ አትዩ፤ እጃችሁን ወደ ታች ጎናችሁ ላይ አድርጋችሁ እንደ ዛፍ ሳትንቀሳቀሱ ቁሙ። ከወደቃችሁ ተጠቅልላችሁ አንገትና ጆሯችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ። ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት የሰፈር ውሻን ያባርራል፤ የታሰረ ወይም ጥግ የያዘ ውሻን ግን ያስነሳዋል።

አሁን ወደ እውነተኛው የእብድ ውሻ በሽታ። መለያው ድንገተኛ ለውጥ ነው። ተግባቢው ይደበቃል፣ ሰው የሚሸሸው መጥቶ ይጠጋል፣ ድምፁ ይሰልላል፣ እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል፣ ከቤቱ ጠፍቶ ይባዝናል። ብዙ ሰው የማያውቀው ዝምተኛው ዓይነት አለ። ውሻው አይናከስም፤ መንጋጋው ተንጠልጥሎ፣ ለሃጩ እየፈሰሰ፣ አጥንት ጉሮሮው ላይ የቀረበት መስሎ ይቀመጣል። አዝኖለት አጥንቱን ሊያወጣ እጁን አፉ ውስጥ የከተተ ሰው ራሱን ለሞት አጋልጧል። ውሃ ስለጠጣ "ጤነኛ ነው" ማለትም ስህተት ነው፤ ውሃ መፍራት የሚታየው በታመመው ሰው ላይ ነው፣ ውሻው የሚሳነው መዋጥ ነው። የተመረዘ ውሻና ዲስቴምፐር የተባለው የውሾች የቫይረስ በሽታ የያዘው ውሻም ይህን ሊመስሉ ስለሚችሉ ሐኪም እስኪለየው ድረስ ማንም አይንካው፣ በር ተዘግቶበት ይቆይ። የግድ ከተገደለም ጭንቅላቱ አይመታ። ምርመራው የሚሠራው ከአንጎሉ ነው፤ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይመረመራል።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ። 15 ደቂቃ ረዥም ነው፤ በሰዓት ይያዝ። ቁስሉ አይታሰር፣ ቅጠልም አይደረግበት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጀምር፣ ቀጠሮዎቹንም አንድ ሳያስቀር ይጨርስ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም፤ ስለዚህ የባህል መድኃኒት ፍለጋ አንድ ቀንም አይጥፋ። ውሻው ከታወቀ 10 ቀን ተዘግቶበት፣ ምግብና ውሃ እየተሰጠው ይታይ። በ10ኛው ቀን በሕይወትና በጤና ካለ፣ በነከሰበት ቀን ለሃጩ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ክትባቱ ግን የእነዚህን ቀናት ማለቅ አይጠብቅም።

መርዝ መወርወር ይህን በሽታ አላጠፋም፣ አያጠፋምም። የተከተቡትንና ሰፈሩን የሚያውቁትን ውሾች ይገድላል፤ ቆሻሻው እዚያው ስላለ ያልተከተቡ ሌሎች ይመጣሉ። ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሳም አብሮ ያልቃል። ከ100 ውሾች 70ው በየዓመቱ ሲከተቡ ግን በሽታው የሚተላለፍበት ያጣል። ቡችላ በሦስት ወሩ ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል።

ዝግጅት ክፍሉን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሴፕቴምበር 28 ይውላል፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ነው። ከዚያ ከሁለት ሳምንት በፊት በየወረዳውና በዙሪያው ከተሞች ክትባቱ የት፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚሰጥ ጠይቃችሁ አንድ ገጽ ላይ አውጡልን። ማስታወቂያው በክትባቱ ዋዜማ ብቻ ሲወጣ ውሻውን አንገቱን አስይዞ ማውጣት ያልለመደ ሰው ሳያመጣው ይቀራል። ማሰሪያውን ለማልመድ ቢያንስ አሥር ቀን ይፈጃል፦ መጀመሪያ ቀለበቱን አንገቱ ላይ ማድረግ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ገመዱን አያይዞ ግቢ ውስጥ እንዲጎትተው መተው፣ ከዚያ እያበሉ በር ድረስ ደርሶ መመለስ። ባለቤቶችም ከተከተበ በኋላ ካርዱን ሳይቀበሉ እንዳይሄዱ አሳስቡልን፤ ንክሻ ቢያጋጥም መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ የምንሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች